ባዶ ክፍል የበዛበት የማር እንጀራ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል?

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ የጥገና ሱቆች መደዳ፣ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚጠመጥሙ ሰው አሉ። ሱቃቸው ሁለት ሰው አያዘዋውርም። የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች በውፍረታቸው ተራ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ ቫርኒሽ፣ መቀስ፣ የተላጨ የቀርከሃ ስንጥርና ጀርባው በፕላስተር የታሰረ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አለ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የቤታችንን ፓምፕ ይዤ የሄድኩ ዕለት ገና ከበሩ ላይ ሳለሁ ያዙኝ።

«ብረትን ከፕላስቲክ ዘመድ ጋር አጋብተው በቀዳዳ የተሞላ ነገር ሠሩ፣ ለዚያም ኖቤል ተሸለሙ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ይሁን። ልጄ ደግሞ ይኸው ነገር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መዳብ ሊቀር ነው የሚል ጽሑፍ በስልኩ አሳየኝ። ቀዳዳ ከሆነ በምኑ ነው የሚያስተላልፈው? መዳብስ ከቀረ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ መዳብ አይቀርም። የመጀመሪያው ግን ኬሚስቶችንም ለዓመታት ያሟገተ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ሽልማቱ የተሰጠው ለምን ነበር?

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች መሰጠቱ ታወጀ፤ በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሮብሰንና በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌዩ ኦማር ያጊ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሸለሙት ኤሌክትሪክ ስላስተላለፉ አይደለም። የተሸለሙት ከብረት አቶሞችና ከኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ውስጡ ባዶ ክፍል የሆነ ጠንካራ ነገር መገንባት እንደሚቻል ስላሳዩ ነው። ኤሌክትሪክ የማስተላለፉ ጉዳይ ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው በሌሎች ተመራማሪዎች እጅ ያደገ ነው። የጋሼ ልጅ ስልክ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ አቡክቷቸዋል።

ነገሩ ራሱ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ሕንፃ የማይሠራበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ከሕንፃው ፊት የቆመውን የአጣና መወጣጫ እናስብ። ቋሚና አግዳሚ አጣናዎች አሉ፤ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በምስማር ወይም በሽቦ ይታሰራል። ግንበኛው የሚንቀሳቀሰው በአጣናዎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። በእነዚህ ቁሶች ውስጥ ማሰሪያው የብረት አዮን ነው፤ ማለትም ኤሌክትሮን ስለጎደለው ኤሌክትሮን ያለው ጎረቤት የሚፈልግ የዚንክ፣ የመዳብ፣ የኒኬል ወይም የተራው ብረት (የአይረን) አቶም። አጣናው ደግሞ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው።

ኦርጋኒክ ሲባል ገበያ ላይ ማዳበሪያ ያልነካው ቡና ወይም አትክልት የምንልበት ትርጉም እዚህ አይሠራም። በኬሚስትሪ ኦርጋኒክ ማለት አካሉ በካርቦን የተገነባ ሞለኪውል ነው፤ ስኳርም፣ ነዳጅም፣ ፕላስቲክም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ፖሊመር ማለት ደግሞ አንድ ዓይነት ቁራጭ እየተደጋገመ፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እየተያያዘ የሚሠራው ረጅም ነገር ነው። ማያያዣው ብረት ሲሆን ኮኦርዲኔሽን ፖሊመር ይባላል። ባዶ ክፍል እንዲኖረው ሆኖ በየአቅጣጫው የተዘረጋው ዓይነት የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፍ ይባላል፤ በዓለም ላይ በአጭሩ ሞፍ እያሉ ይጠሩታል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

የክፍሎቹ መጠን የሚለካው በናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት በግምት 80,000 ናኖሜትር ይሆናል። የምናወራላቸው ክፍሎች ግን ስፋታቸው ከአንድና ከሁለት ናኖሜትር ብዙም አያልፍም።

በጣም ታዋቂው ሞፍ፣ ያጊ በ1999 ያቀረበው ሞፍ-5፣ ከምን እንደተሠራ ስነግራቸው ጋሼ መፍቻቸውን አስቀመጡ። አጣናው ቴሬፍታሊክ አሲድ የሚባል ሞለኪውል ነው። ይህ ሞለኪውል ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ከሚሠራባቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ነው። ማሰሪያው ዚንክ ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የተቀባው ዚንክ። (ቆርቆሮና ሃይላንድ ድስት ውስጥ ቢቀቀል ሞፍ አይወጣም፤ ንጹሕ ጨውና ንጹሕ አሲድ፣ ልዩ ፈሳሽና የተመጠነ ሙቀት ይፈልጋል።) ከዚህ የሚገኘው ጥርት ያለ ክሪስታል፣ የውስጥ ግድግዳው ሁሉ ቢዘረጋ፣ አንዱ ግራም ወደ 3,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት ግራም ተኩል ያህሉ የኳስ ሜዳ ያለብሳል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይቀልላል።

ሐሳቡ የተጀመረው በእንጨት ኳስ ነው። ሮብሰን በ1974 ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል ለማሠራት በእንጨት ኳሶች ላይ ቀዳዳ እንዲበሳ አደረገ። ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው ቦታ ከተበሱ ኳሶቹ ራሳቸው ቅርጹን እንደሚመሩት አስተዋለ። ከዚያ እውነተኛ አቶሞችም እንዲሁ ቢሆኑስ ብሎ ከመዳብ አዮንና አራት እጅ ካለው ሞለኪውል ውስጡ ሰፊ የሆነ ክሪስታል እስኪያወጣ 1989 ደረሰ። የሮብሰን ግንባታዎች በቀላሉ የሚፈርሱ ነበሩ። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ ሲገባና ሲወጣ የማይፈርስ አሳየ። ያጊ ደግሞ ጥንካሬውን ጨመረበት። ያጊ አማን፣ ዮርዳኖስ ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን ልጅነቱን ያሳለፈው መብራትም የቧንቧ ውሃም በሌለበት ቤት ነው። ይህን ስሰማ ለእኛ አገር ልጆች የሚነገር ታሪክ መሰለኝ፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

እንዲህ ከሆነ ለምን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም?

ሞፍ-5ን በሽቦ መሐል ብታስገቡት መብራቱ ይጠፋል። አብዛኞቹ ሞፎችም እንደዚያው ናቸው። ምክንያቱን ለማየት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሁኔታ ማወቅ ይበቃል፤ ሁለት ነገሮች ናቸው የሚያስፈልጉት። ለመንቀሳቀስ ነጻ የሆኑ ኤሌክትሮኖች መኖር አለባቸው፤ የሚሄዱበት መንገድም መኖር አለበት። አንዱ ቢበዛ ሌላው ከሌለ ዋጋ የለውም።

መዳብ ሁለቱንም ታድሏል። እያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለማኅበሩ ያዋጣል፤ የተዋጣው ኤሌክትሮን የማንም ሳይሆን የሁሉም ሆኖ በብረቱ ውስጥ ይዞራል። በሞፍ-5 ውስጥ ግን ሁሉም ኤሌክትሮን የየራሱ ቤት አለው። ዚንክ አዮን ሊሰጥም ሊቀበልም የሚፈልገው ኤሌክትሮን የለም፤ ውጫዊ ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተዋል። ሚኒባስ ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ፣ መተላለፊያው በትርፍ ሰው ተጨናንቆ፣ ከኋላ ያለው ሰው ወደ ፊት ልለፍ ቢል የት ይረግጣል? ሰው ሞልቷል፤ እንቅስቃሴ ግን የለም።

መንገዱም ችግር አለበት። በብረቱና በኦርጋኒኩ መካከል ያለው ድልድይ በአብዛኛው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን አጥብቆ የሚይዝ አቶም ነው፤ ገንዘቡን መቀነቱ ውስጥ ቋጥሮ እንደሚዞር ሰው። በአንድ በኩል ብረቱ፣ በሌላ በኩል ካርቦኑ ቆመው ኤሌክትሮን ሊቀባበሉ ቢፈልጉ፣ መሐል ያለው ድልድይ ከፍታው ከሁለቱም ስለማይገጥም ያስቸግራቸዋል። የጋሼ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ልክ ነበር። ሰፊ ክፍል ለመሥራት ረጅም አጣና ያስፈልጋል፤ አጣናው በረዘመ ቁጥር ብረቶቹ ይራራቃሉ፤ በተራራቁ ቁጥር ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ይቸገራል።

ታዲያ መንገዱ እንዴት ተከፈተ?

ኤሌክትሮን በቁስ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የመጣ ሰው ያውቃቸዋል። አንደኛው የፈጣን መንገዱ ነው፤ መኪናው ቱሉ ዲምቱ ላይ ከገባ አዳማ እስኪደርስ የሚያቆመው የለም። ሁለተኛው በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ለመሐል የሚያልፈው የድሮው መንገድ ነው፤ በየከተማው ወርዶ፣ ሌላ ታክሲ ይዞ፣ እንደገና ወርዶ። ኤሌክትሮንም እንደ ቁሱ አንዳንዴ በፈጣኑ ይነጉዳል፣ አንዳንዴ ከአቶም ወደ አቶም እየዘለለ ይደርሳል።

የዝላዩ ዓይነት ብዙ ዘመን የቆየ ምሳሌ አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተሠራው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም፣ ማንም ስሙን ሳያወጣለት በፊት የነበረ ኮኦርዲኔሽን ፖሊመር ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት የብረት አዮን አለ፤ አንዱ ከሌላው አንድ ኤሌክትሮን ያንሰዋል። ኤሌክትሮኗ ከባለጸጋው ወደ ድኻው ስትዘል ድኻው ባለጸጋ፣ ባለጸጋው ድኻ ይሆናል፤ ሰማያዊው ቀለምም ከዚሁ ዝላይ የሚመጣ ነው። የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው፤ ቢሆንም የዚሁ ቁስ ዘመዶች ዛሬ በሶዲየም ባትሪዎች ውስጥ ያገለግላሉ።

ወደ ፈጣኑ መንገድ የወሰደው ግን ሌላ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ ሱቅ ውስጥ የሠራነውን ልንገራችሁ። ከደረሰኝ ጀርባ ላይ በመሳያ እርሳስ አንድ ጣት የምትሆን ወፍራም መስመር አሰመርኩ፤ ደጋግሜ እያጠቆርኩ። ጋሼ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በመስመሩ ዳርና ዳር አስቀመጡ። ቁጥሩ በአስር ሺዎች ኦም ላይ ዋለለ (ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ማስተላለፉ ይበዛል)፤ ግን አለ። ወረቀቱ ባዶ ቦታ ላይ ሲነኩት ምንም አላነበበም። «እርሳስ!» አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ እያወጡ።

የእርሳስ ውስጥ ግራፋይት የካርቦን ንጣፍ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች የተያያዙበት የማር እንጀራ ይመስላል። በንጣፉ ላይ ካርቦኖቹ ከሚያያዙበት የተረፉት ኤሌክትሮኖች ለጋራ የተለቀቁ ስለሆኑ እንደ ልብ ይሄዳሉ። ኬሚስቶቹ ራሳቸውን የጠየቁት ይህን ነው፤ የማር እንጀራው ክፍሎች ቢሰፉ፣ በየማዕዘኑም ብረት ቢገባበት፣ የጋራው ኤሌክትሮን ይቀራል?

በ2014 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኬሚስቱ ሚርቻ ዲንካ የሚመራው ቡድን መልሱን በኒኬል አሳየ። ስድስት የናይትሮጅን እጅ ያለው ጠፍጣፋ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ወስደው በኒኬል አያያዙት። ኦክስጅን የለም፤ ናይትሮጅን ኤሌክትሮኑን ያን ያህል አጥብቆ ስለማይይዝ ከኒኬልም ከካርቦንም ጋር ይግባባል። በንጣፉ ላይ 1.5 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ንጣፎቹ ደግሞ እንደ ምጣድ እንጀራ ተደራርበው ይቀመጣሉ። በንጣፎቹ መካከል ያለው ርቀት ከግራፋይቱ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ከአንድ ናኖሜትር ሲሶ ያህል። የወጣው ዱቄት ጥቁር ነበር።

ጥቁረቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሞፍ-5 ቀለም የለውም፤ ብርሃን አያውከውም፤ ኤሌክትሮኖቹን ከቤታቸው ለማስነሳት የብርሃኑ ጉልበት ስለማይበቃ ያልፈዋል። ኤሌክትሮኖቹ በትንሽ ግፊት የሚነሱበት ቁስ ግን የመጣውን የብርሃን ዓይነት ሁሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ይጠቁራል። በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች ዱቄቱ ሲጠቁር ገና ሳይለኩት ተስፋ ያደርጋሉ። (ጥቁር የሆነ ሁሉ ያስተላልፋል ማለት ግን አይደለም፤ የጋሼ የፕላስተር ጥቅልም ጥቁር ነው።)

ሌላው ዘዴ እንግዳ ማስገባት ነው። በ2014 የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከመዳብ የተሠራ፣ ከዚያ በፊት የማያስተላልፍ የታወቀ ሞፍ ወሰዱ። ክፍሎቹ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚወድ ሞለኪውል አስገቡ። እንግዳው ሞለኪውል በመዳቦቹ መካከል ተንጠላጥሎ ድልድይ ሆነ። የማስተላለፍ አቅሙ ወደ ሚሊዮን እጥፍ አድጎ ከባሕር ውሃ ትንሽ በለጠ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ባዶነቱ እንቅፋት ነው ሲባል የነበረው ቁስ ራሱ በባዶነቱ ውስጥ መንገዱን ተቀበለ።

ቁጥሮቹን እንዴት እንመን?

እዚህ ላይ ዜና ጸሐፊዎች ብዙ ይስታሉ። የማስተላለፍ አቅም የሚለካው ሲመንስ በሴንቲሜትር በሚባል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ማስተላለፉ ይበዛል። መዳብ ወደ 600,000 ነው። የባሕር ውሃ 0.05 ገደማ። የኒኬሉ የማር እንጀራ መጀመሪያ በዱቄትነቱ ተጠፍጥፎ ሲለካ 2፣ በስስ ሽፋን መልክ ሲለካ 40 ተባለ። በ2019 ደግሞ ነጠላ ክሪስታሎቹ በተናጠል ተለክተው እስከ 150 ደረሱ። ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው አለካኩ ነው።

ዱቄቱ ሲጠፈጠፍ ናኖሜትር የሚለኩ ጥቃቅን ክሪስታሎች እርስ በርስ ተነካክተው ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ ያለው መንገድ ፈጣን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ግን የፈጣን መንገዱ የክፍያ ጣቢያ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል የምታውቁት። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥፍጣፍ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የክፍያ ጣቢያዎች አሉ። ስለዚህ የዱቄት ቁጥር የሚነግረን ስለ ሰልፉ እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም። ጋሼ የእርሳሱን መስመር በጣታቸው ጫን ሲሉት ቁጥሩ የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የግራፋይት ቅንጣቶቹ ተጠጋጉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የመለኪያው ገመድ ነው። ጋሼ የመልቲሜትራቸውን ሁለት ጫፎች ምንም ሳይኖር እርስ በርስ አነካክተው አሳዩኝ፤ 0.3 ኦም አነበበ። ያ የገመዱና የመጋጠሚያው ነው። ትንሽ ነገር ሲለካ ይህ ትርፍ ቁጥር እውነቱን ይውጠዋል። ተመራማሪዎች ይህን የሚያመልጡት አራት ጫፍ በመጠቀም ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋሉ፣ ሌሎቹ ሁለት በመሐል ሆነው ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ ብቻ ያነባሉ። በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት ውስጥ ኤሌክትሪክ አያልፍም ማለት ስለሚቻል የራሳቸው ገመድ ቁጥሩን አያበላሽም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የጋለ ሞተር ጥምጥም የመቋቋም ቁጥሩ ከፍ እንደሚል ጋሼ ያውቃሉ፤ መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ መቋቋሙ ወደ 0.4 በመቶ ይጨምራል። በዝላይ የሚሄድ ቁስ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሲሞቅ ዝላዩ ይቀላል፣ ሲበርድ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሞፍ በእርግጥ ፈጣን መንገድ አለው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ማቀዝቀዝ ነው። የኒኬሉ ነጠላ ክሪስታል ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ብርድ ከሌለበት ነጥብ) በላይ 0.3 ዲግሪ ላይ እንኳ ማስተላለፉን አላቆመም። ዱቄቱን ብቻ የለካ ሰው ይህን ከቶ አያየውም ነበር።

መዳብን ይተካል?

አይተካም። እስካሁን ከተዘገቡት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ በ2015 የታተመው ነው፤ መዳብ ስድስት የድኝ እጅ ካለው ሞለኪውል ጋር ተያይዞ 1,580 ሲመንስ በሴንቲሜትር። በ2018 ደግሞ ይኸው ቁስ ከፍጹም ዜሮ ሩብ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያለ ምንም መቋቋም ማስተላለፉ ተዘገበ። ትልቅ ነገር ነው። ግን 1,580 ከመዳብ ቁጥር ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ደግሞ ለዚህ ቁጥር የተከፈለ ዋጋ አለ፤ አቶሞቹ ጥቅጥቅ ብለው ስለተቀመጡ ቀዳዳው ጠፋ። ቀዳዳውን ጨምሮ ሁሉንም የያዘ ገና አልተገኘም።

ሌላም አለ። መዳብ ተስቦ ይቀጥናል፣ ይጠመጠማል፣ ይታጠፋል። ሞፍ ተሰባሪ ክሪስታል ነው፤ ስቦ ሽቦ ማድረግ የስኳር ድንጋይ ስቦ ሽቦ እንደማድረግ ነው። የጋሼ ሥራ እዚህ ላይ ከስጋት ወጣ።

ታዲያ ለምን ይደከምበታል?

ኤሌክትሪክ ከሌላ ነገር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሚፈለግ ነው። ባትሪ ውስጥ፣ የጋዝ መለያ ውስጥ፣ ኤሌክትሮን ከአዮን ወይም ከሞለኪውል ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አለበት። ለዚያ ሰፊ ግድግዳ ያስፈልጋል። መዳብ ግድግዳ የለውም፤ ድፍን ነው። ሞፍ-5 ግድግዳ አለው፤ ግን ኤሌክትሪክ አይደርስበትም። ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ቁስ ነው የተፈለገው።

ከከተማችን በላይ ባለው ኮረብታ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች እንውሰድ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። ነፋሱ ሲነሳና ሲተኛ ኃይሉም በሴኮንዶች ውስጥ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለውን ቅጽበታዊ ውዝዋዜ ለመዋጥ በፍጥነት የሚሞላና የሚለቅ ማጠራቀሚያ ይመረጣል። ባትሪ ሮቶ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ቧንቧው ጠባብ ነው። ሱፐርካፓሲተር የሚባለው ደግሞ አፈ ሰፊ ባልዲ ነው፤ ትንሽ ይይዛል፣ በአንዴ ይሞላል፣ በአንዴ ይገለበጣል። በውስጡ ኤሌክትሪኩ የሚቀመጠው በግድግዳ ላይ ነው፤ አዮኖች መጥተው ኤሌክትሮን ባለበት ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። የዲንካ ቡድን በኒኬሉ የማር እንጀራ ብቻ፣ ሌላ አስተላላፊ ዱቄት ሳይቀላቅል፣ እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ እንደሚሠራ በ2017 አሳተመ።

አሁን ገበያ ላይ ያሉት ሱፐርካፓሲተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ከምን እንደሆነ ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። ከከሰል ነው። በልዩ ዘዴ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ከሰል። ግድግዳ አለው፣ ያስተላልፋል፣ ርካሽ ነው። ሞፍ ማሸነፍ ያለበት መዳብን ሳይሆን ከሰልን ነው፤ ይህ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ከባድ ተፎካካሪ ነው። የሞፉ ብልጫ ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል መሆናቸውና በፈለጉት ልክ መሠራታቸው ነው። የከሰል ቀዳዳ እንደ እንጀራ ዓይን ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሞፍ ግን ንብ እንደሠራው ነው።

ለእኔ ከባትሪው ይልቅ ቀድሞ የሚጠቅም የሚመስለኝ ጋዝ ማሽተቱ ነው። ጋዝ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ይነካል፤ ግድግዳው ሲነካ የማስተላለፍ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ መልቲሜትር የያዘ ሁሉ የሚችለው ነው። በ2015 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያንኑ የማር እንጀራ ኒኬሉን በመዳብ ተክተው ሠሩና አሞኒያ አሸተቱበት። ከአየሩ ሚሊዮን እጅ አንድ እንኳ የማይሞላ አሞኒያ ለየ። ቢሾፍቱ አካባቢ የዶሮ እርባታ ቤት በጠዋት የከፈተ ሰው ይህ ሽታ ዓይን ሲያቃጥል ያውቀዋል፤ የዶሮዎቹንም ሳንባ የሚጎዳው እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ያው ቤት፣ ያው ክፍል፣ ያው አጣና ሆኖ ማሰሪያው ኒኬል የሆነው ግን ለአሞኒያው ምንም አላለም። አንድ ብረት ሲቀየር አፍንጫው ተዘጋ።

ምን ያዘው?

ብዙዎቹ ሞፎች እርጥበት አይወዱም፤ ሞፍ-5 ራሱ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ይበላሻል። የናይትሮጅን እጅ ያላቸው በዚህ ይሻላሉ። ግን ስድስት እጅ ያለው ያ ጠፍጣፋ ሞለኪውል በብዙ ደረጃ የሚሠራ ስለሆነ ዋጋው ከሃይላንድ አሲድ ጋር አይወዳደርም። ዱቄቱን ሳይሰባበር በስስ ሽፋን መልክ ማንጠፍም ገና የእጅ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ኬሚስቶቹም እንደ ሞተር ጠምጣሚ የሚሠሩበት ሥፍራ ይኸው ነው።

ጋሼ ፓምፑን በሦስተኛው ቀን ሰጡኝ። በወረቀት ቁራጭ ላይ የጥምጥሙን ቁጥር ጽፈውበታል፤ 6.2 ብለው አስፍረው ሰርዘውታል፤ ከጎኑ 5.9 ይላል።